ዕድሜው አጭር፣ ዕዳው ብዙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ሀብት ሁሉ ጊዜ የተለየ ጠባይ አለው። ገብስ በጎታ ይከተታል፤ ለክፉ ቀንም ይቀመጣል። ከብት ይረባል። ገንዘብ ቢያበድሩት ይመለሳል፤ ቢጠፋም በድካም ሌላ ይገኛል። ጊዜ ግን አይከተትም፣ አይረባም፣ ወጥቶም አይመለስም። የሰሜን ገበሬ ለክረምቱ ብርድ እንጨት ያከማቻል እንጂ የሚያዝያን ቀን ለነሐሴ ማቆየት አይችልም። ባለጠጋውና ድኻው፣ ጳጳሱና እረኛው በየቀኑ እኩል 24 ሰዓት ይቀበላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ አንዲት ሰዓት ለነገ አስተርፎ አያድርም። ነቢዩ ሙሴ በመዝሙር 89 የሰውን ዕድሜ 70፣ ቢበረታም 80 ዓመት ብሎ ከቈጠረ በኋላ ወዲያው የሚለምነው የዕድሜ ጭማሪ ሳይሆን ቀኖቹን መቍጠር የሚያስችል ጥበብ ነው። ይህም ዕድሜ ማጠሩ ብቻውን ጉዳት እንዳልሆነ፣ ጉዳቱ ማጠሩን አለማወቅ እንደ ሆነ ያስረዳናል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከዚህች አጭር ዕድሜ ምን ያህሉ የእኛ፣ ምን ያህሉስ የወንድማችን ናት? የተቀበልነውን ሃይማኖት ለሌላው የምናካፍልበት ጊዜ መቼ ነው?

ነገሩን ከሩቅ ከመጀመር ይልቅ በራሳችን ከደረሰው ብንነሣ ይሻላል። በወጣትነታችን ዘመን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን የቅኔ ትምህርት በምንከታተልበት ጊዜ ከዳባት ብዙ በማትርቅ አንዲት መንደር እየለመንን እንማር ነበር። በዚያች መንደር አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። በእመቤታችን ስም ስንለምን ከሰው ሁሉ ቀድመው በራቸውን የሚከፍቱ፣ እንጀራ ባይኖራቸው አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ የማይነፍጉን እርሳቸው ነበሩ። ወደ ሌላ መምህር ልንሄድ በተነሣንበት ጧት ልንሰናበታቸው ገባን። ለስንቅ የሚሆን በሶ ቋጥረው ሰጡንና በሩን ተደግፈው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከልጅነቴ ወዲህ ሥጋ ወደሙ አልተቀበልሁም። የመጀመሪያው ትዳሬ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አለፈብኝ። እፍረት ስለ ያዘኝ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም። እንደ እኔ ላለች ሰው በሩ ክፍት ነውን?» አሉን።

መልሱን እናውቅ ነበር። የንስሐ በር ለማንም እንዳልተዘጋ፣ ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው ያለፈውን ሁሉ ቢናገሩና የሚሰጣቸውን ቀኖና ቢፈጽሙ ወደ ቅዱስ ቍርባን መቅረብ እንደሚችሉ ለመንገር፣ ይልቁንም እጃቸውን ይዞ ወደ ካህኑ ቤት ለማድረስ፣ ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ጓደኞቻችን ቀድመው ዳገቱን ይዘዋል። ደግሞም «የንስሐ አባት አላቸው፤ እርሱ ይንገራቸው» አልን። ከዚያም በላይ «ገና ተማሪ ነኝ፤ ቅኔውን ጨርሼ ከመጽሐፍ ትርጓሜ ስደርስ አሳምሬ እመልስላቸዋለሁ» የሚል አሳብ መጣብን። «እመይቴ፣ ስመለስ እነግርዎታለሁ» ብለን ሄድን። ከጉባኤ ቃና ተነሥተን እስከ መወድስ ደረስን። የተመለስነው ከሁለት ክረምት በኋላ ነበር። እኒያ እናት ዐርፈው፣ በመቃብራቸው ላይ ሣር በቅሎ አገኘነው። ሳይቈርቡ ማረፋቸውን ጎረቤቶቻቸው ነገሩን፤ «ያ ተማሪ አልመጣም ወይ?» እያሉም ይጠይቁ ነበር አሉን።

ይህን የጻፍነው የራሳችንን ነገር ለማውራት አይደለም። በዚያች ጧት ለራሳችን የሰጠናቸው ሦስቱ ምክንያቶች ዛሬም በብዙ ካህናትና ምእመናን ልብ ስለሚኖሩ ነው። አንደኛው «ሥራው የሌላ ሰው ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «አስቀድሜ ራሴን ላዳን፣ ራሴም ልብቃ» የሚል ነው። ሦስተኛው «የሚመች ጊዜ ይመጣል» የሚል ነው። ሦስቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

«ሥራው የሌላ ሰው ነው» የሚለው አሳብ ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያታልላል። በወንበር ተቀምጦ መጻሕፍትን መተርጐም፣ በመንበር ቆሞ መቀደስ፣ ኀጢአትን መፍታት ሥልጣነ ክህነትን ይጠይቃል፤ ይህን ማንም ከራሱ አያነሣውም። ምስክርነት ግን የጥምቀት ዕዳ ነው። ክርስቲያን ሁሉ በሜሮን ሲታተም የተቀበለው ጸጋ ለራሱ ብቻ እንዲያቆየው የተሰጠው አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተነገረላት ሳምራዊት ሴት ከጌታችን ጋር የተነጋገረችው በአንድ የቀትር ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ሕይወቷም የሚያስመሰግን አልነበረም። ነገር ግን እንስራዋን በጕድጓዱ አፍ ትታ ወደ ከተማ ሮጠች፤ የከተማውም ሰው በእርሷ ቃል ወጥቶ ጌታን አገኘ። የነገረቻቸው ያየችውን ብቻ ነው። ያየነውን ለመናገር ደግሞ ከማየት በቀር ሌላ ምስክር ወረቀት አያስፈልግም።

የአገራችን የክርስትና ታሪክም በዚሁ ይጀምራል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት የጢሮስ ወጣቶች መርከባቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ተገድለው፣ እነርሱ በምርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት እንደ መጡ ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ጽፎልናል። ፍሬምናጦስ በዚያን ጊዜ ካህን አልነበረም። ምርኮኛ ነበር። በምርኮው ዘመን ግን ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ያበረታታ ነበር። በኋላም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ በተፈቀደላቸው ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄደ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለቅዱስ አትናቴዎስ የአክሱምን ነገር ነገረው፤ ራሱም ጳጳስ ሆኖ ተሾመና ወደ ተማረከባት አገር ተመለሰ። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያልን የምናከብረው አባት የጀመረው በሥልጣን ዘመኑ ሳይሆን በምርኮው ዘመን ነው። በባርነት ቤት ያለፈውን ጊዜ የጠፋ ጊዜ ብሎ ቢቈጥረው ኖሮ ሹመቱ ባልተከተለ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከፊተኛው ይልቅ የጠለቀ ነው። ዕድሜዬ አጭር ከሆነች፣ በዚህች አጭር ዕድሜ የራሴ ነፍስ ብትጠፋ ሌላውን ማስተማሬ ምን ይጠቅመኛል? ይህን የሚሉት ሰነፎች ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ደጋግ ሰዎችም ይሉታል። ሐዋርያው ጳውሎስም ራሱ ለሌሎች ሰብኮ ሲያበቃ የተጣለ እንዳይሆን እንደሚፈራ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ስለዚህ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልሱን ግን ከሩቅ አንፈልገውም፤ በራሳችን ተራራ ላይ ተቀምጧል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በዛፍ ላይ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ የወጣውን ትል አይቶ የተጽናና፣ በኋላም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ቤተ ክርስቲያንን ያስጌጠ ሊቅ ነው። አባቶቻችን እንደሚተርኩልን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በእግሩ ላይ ተከለው፤ ደሙ ቢፈስስም እስኪፈጽም ድረስ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ሁሉ ለምነኝ ባለው ጊዜ ያሬድ ወርቅ ወይም ርስት አልለመነም። ከዓለም ተለይቶ በገዳም እንዲኖር እንዲፈቀድለት ለመነ። በሌላ አነጋገር የለመነው ጊዜ ነው፤ ከዕድሜው የቀረችውን። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራራ መጥቶ በጾምና በጸሎት ኖሮ በዚያው ተሰወረ። ግንቦት 11 ቀን መታሰቢያው ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «ያሬድም ራሱን ለማዳን ሰውን ትቶ ሄደ» ይል ይሆናል። ነገር ግን ልብ ብለን እንየው። ያሬድ ወደ ሰሜን ከመሄዱ አስቀድሞ የተቀበለውን ለደቀ መዛሙርት አስረክቦ ነበር። ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ዝማሬው፣ መዋሥዕቱና ምዕራፉ ከእርሱ ጋር ወደ ዋሻ አልገቡም። ደግሞም አባቶች ሲናገሩ በሰሜንና በአካባቢው ተማሪ ይከተለው ነበር ይላሉ። ባያስረክብ ኖሮ ጸሎቱ ለራሱ በጠቀመው፤ ዜማው ግን ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር። ዛሬ ከ1,400 ዓመት በኋላ በደባርቅና በዳባት አብያተ ክርስቲያናት ሌሊት የሚቆመው ደብተራ ጸናጽሉን የሚያነሣው ያ ሰው ጊዜውን ለሌላ ስላካፈለ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚጸልይና ሰውን የሚያስተምር ተቃዋሚዎች አይደሉም። ከሊማሊሞ ቁልቁል በቈላው ያሉት የዋልድባ መነኮሳት እንኳ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ እየኖሩ የሚጸልዩት ለራሳቸው ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ለዓለሙም ሁሉ ነው። ጸሎታቸውም ጊዜን ለወንድም መስጠት ነው።

ከራሱ ከተራራው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሰሜን ተራራ ራሱን ከ4,500 ሜትር በላይ አንሥቶ ደመናውን ይቀበላል። የተቀበለውን ውኃ ግን በጫፉ ላይ አያስቀረውም፤ በየገደሉ እየወረደ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ ቈላውም ይጠጣል። ተራራው ከፍ ባይል ዝናቡን ባልተቀበለ ነበር፤ ተቀብሎ ባያወርድ ደግሞ ቈላው በደረቀ ነበር። እንዲሁም የማይጸልይ ሰው የሚያካፍለው የለውም። የማያካፍልም ጸሎት ወንድሙን ገና ያላየ ጸሎት ነው። «እስክበቃ ድረስ እቆያለሁ» ለሚል ሰው ይህን እንመልስለታለን፤ በመስጠት ካልሆነ በምን ትበቃለህ? መምህራችን ዜማ ሲያስቀጽሉን ትናንት የተማርነውን ለታናሹ ተማሪ እንድናስጠና ያዝዙን ነበር። ያን ጊዜ ሥራ የበዛብን ይመስለን ነበር። በኋላ ግን ከመምህሩ የሰማነው ሲጠፋብን ለታናሹ ያስጠናነው ግን በልባችን እንደ ቀረ አስተዋልን።

ሦስተኛው ምክንያት «የሚመች ጊዜ ይመጣል» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ሌባ ነው፤ ሳያስደነግጥ ይሰርቃልና። የሰሜን አገር ይህን የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ አላት። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን የደረስጌን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ በዚያም ዘውድ ለመጫን አስበው ነበር። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ በደጃዝማች ካሣ ድል ተነሡ። ውቤ ላሰቡት ሥርዓት የተዘጋጀው ሁሉ ለባለድሉ ሆነ፤ ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የተመቸ ቀን መጠበቅ ለመኳንንት ካልሆነ ለእኛ እንዴት ይሆናል? በቅርቡም በነሐሴ ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት በጦርነቱ ምክንያት በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች አልቀዋል። ከእነርሱ መካከል አዲሱን ዓመት ለመቀበል ቤቱን የጠረገ፣ ልጁን ፊደል ለማስቈጠር መስከረምን የጠበቀ፣ ከወንድሙ ጋር ለመታረቅ መስቀልን የቀጠረ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነፍሳቸውን ይማርልን። ይህን የምናነሣው ቍስል ለመንካት አይደለም፤ ቀጠሮ የሰጠነው ቀን የእኛ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5 ዘመንን ስለ መዋጀት ያስተምራል። መዋጀት የገበያ ቃል ነው። ባሪያ ተሸጦ ሳለ ዘመዱ ዋጋውን ከፍሎ እንደሚያወጣው፣ እንዲሁ በከንቱ የሚሸጠውን ሰዓት ዋጋ ከፍሎ ማስመለስ ነው። ዋጋውም ድካም፣ እፍረትን ማሸነፍ፣ የራስን ጕዞ ጥቂት ማቆየት ነው። ዲያቆኑ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያገኘው በጋዛ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰረገላው አይቆምም ነበር፤ ፊልጶስ ሮጠ። «ዳግመኛ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ አገኘዋለሁ» ቢል ኖሮ ያ ሰው ሳይጠመቅ አገሩ በገባ ነበር። ሌላም ነገር እናስተውል፤ ፊልጶስ አስቀድሞ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። የጀመረው ሰውየው ከነበረበት ገጽ ነው፤ ከራሱ ዕውቀት መጀመሪያ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱንም ሳንናገር ብናልፍ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ጊዜው አጭር ነው ብሎ የሚቸኵል ሰው ቃሉን ትቶ በትሩን ሊያነሣ ይችላል። ይህም በሰሜን ተደርጓል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ በሰሜን ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤልን በጦር ካሸነፉ በኋላ በግድ እንዲጠመቁ አዘዙ። ያው ንጉሥ በኋላ የሮምን እምነት ተቀብለው የራሳቸውን ሕዝብ በዐዋጅ ሊያስለውጡ ሞከሩ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ለመፍቀድ ተገደዱ። በሰይፍ የተጠመቀ ሰው ውኃ ነካው እንጂ አላመነም። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ በኋለኛው ግዳጅ የደረሰባትን መከራ የምታስብ ከሆነ በፊተኛው የደረሰውንም ልትረሳው አይገባትም፤ ግዳጅ በእኛ ላይ ሲሆን ክፉ፣ በሌላው ላይ ሲሆን ደግ ሊሆን አይችልምና። ስለዚህ የጊዜ ማጠር ትጋትን እንጂ ግፍን አያዝዝም። በደባርቅና በዳባት ከእኛ ጋር በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በሐዘንና በደስታ የሚጠራሩን እስላም ጎረቤቶች አሉን። ለእነርሱ የሚገባቸው ምስክርነት የታመነ ሚዛን፣ ያልተዋሸ ቃል፣ በችግራቸው የደረሰ እጅ ነው። ከዚህ ተነሥተው ስለ ተስፋችን ቢጠይቁን በትሕትና እንመልሳለን። የእነርሱን እየሰደብን የእኛን ብናወድስ ግን የዘራነውን በእጃችን እንነቅላለን።

እንግዲህ ጊዜው ከየት ይመጣል? ለገበሬው እርሻ አለበት፤ ለነጋዴው ሱቅ አለበት፤ ለካህኑም ማኅበር፣ ተዝካር፣ ክርስትና፣ ፍትሐት አለበት። አዲስ ጊዜ የሚፈጥርልን የለም። ነገር ግን ያለውን እንቍጠር። በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ለዚህ ነገር ብንለይ በዓመት ከ91 ሰዓት በላይ ይሆናል። ሩብ ሰዓት ቡና እስኪፈላ የምንጠብቀው ነው፤ ለአውቶቡስ የምንቆመው ነው፤ ስለ ሰው ነውር የምናወራው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይረዝማል።

በቤት እንጀምር። ቤተ ክርስቲያናችን የሃይማኖትን መሠረት በአምስት አዕማደ ምሥጢር ጠቅልላ ታስተምራለች፤ እነዚህም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቍርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። አንድ አባት በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ አንዱን ምሥጢር በሚችለው መጠን ቢያነጋግር በአምስት እሑድ አምስቱን ይጨርሳል። ያላወቀውን «አላውቅም፤ መምህሩን እንጠይቅ» ቢል ክብሩ አይቀነስም፤ ልጁ ትሕትናን ጨምሮ ይማራል። በዚህ ነገር ከብት ጠባቂውን ልጅና የቤት ሠራተኛይቱን አንርሳ። እነርሱ የሌላ ቤት ልጆች ናቸው፤ በእኛ ቤት የሚቆዩት ለጥቂት ዘመን ነው። ጕልበታቸውን ተቀብለን ነፍሳቸውን ሳናስባቸው ብናሰናብት ደመወዛቸውን ከከለከልናቸው ሰዎች ተለይተን አንቈጠርም።

በመንገድም ጊዜ አለ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ገበያ የሚሄድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ብዙ ሰዓት ይጓዛል። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ድረስ በጠላት ወረራ ዘመን የተቀደደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና የሚወርድም አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አያጣም። የሰሜን ተራራ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት ነው የሚመጣው። መንገድ መሪውና በቅሎ ነጂው ግን «ይህ ተራራ ቅዱስ ያሬድ የኖረበት ነው» ቢሉትና ማን እንደ ነበር በሁለት ቃል ቢነግሩት ለእንግዳው ሸክም አይሆንበትም። ካልጠየቀ በዚያው ይብቃው፤ ከጠየቀ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው።

በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ወጣቶች ከአራቱ ማዕዘን የመጡ ናቸው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ተመርቀው ይበተናሉ። በግቢ ጉባኤ የተሰበሰቡትን ልጆች የአካባቢው ካህናት እንደ መንገደኛ ቢያዩአቸው ያ ጥቂት ዓመት ያልፋል። እንደ አደራ ቢያዩአቸው ግን እያንዳንዳቸው ዘር ተሸክመው ወደማናውቀው አገር ይሄዳሉ። በብርዱ ከተማ ከቤተሰቡ ርቆ ለታመመ ተማሪ ትኵስ አጥሚት ይዛ የምትጠይቅ እናትም ከሰባኪው ያነሰ አላስተማረችም። በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በእድርና በለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። ሐዘንተኛው ልቡ በተከፈተበት በሦስተኛው ቀን ስለ ትንሣኤ ሙታን የምትነገር አንዲት የረጋች ቃል በዓመት ከሚሰማው ስብከት ሁሉ ትበልጥበት ይሆናል።

እናንት በክህነት የምታገለግሉ ወንድሞቻችን ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ከምእመናን ይልቅ ለራሳችን እንደ ጻፍነው ዕወቁልን። ብዙ የንስሐ ልጆች በስም መዝገብ ይዘን፣ በዓመት በዓል ጠበል እየረጨን፣ ዳቦውን ቈርሰን፣ ጠላውን ባርከን የምንወጣ አለን። ከመውጣታችን በፊት ከበሩ አጠገብ ዝም ብለው የቆሙትን ሰው «የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል? ብዙ ምእመናን ከቅዱስ ቍርባን ርቀው የሚኖሩት ስለ ካዱ አይደለም፤ አይገባኝም ብለው ስለ ፈሩ፣ የሚገባቸውም በምን መንገድ እንደ ሆነ የነገራቸው ስለ ሌለ ነው። ፍርሃታቸውን ትሕትና ብለን አመስግነን ዝም ብንላቸው በራችንን በአክብሮት መዝጋት ነው። በፍርድ ቀን ስለ ቅኔያችን ማማርና ስለ ድምፃችን መሰማት አስቀድሞ አንጠየቅም፤ ስለ ተሰጠን ሰውና ስለ ተሰጠን ሰዓት እንጠየቃለን።

የጥያቄያችን መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ዕድሜያችን ለእኛና ለወንድማችን በመስፈሪያ ተከፍላ የምትሰጥ አይደለችም፤ ሁለንተናዋ የእግዚአብሔር ናት፤ እኛም ወንድማችንም በእርሷ የምንድን አንድ አካል ነን። የምስክርነት ጊዜም ከሥራ የተረፈ ጊዜ አይደለም። ጠያቂው የቆመባት ሰዓት እርሷ ናት።

ለእኒያ እናት ዛሬ የምንሰጣቸው መልስ የለንም። ስማቸውን በጸሎተ ፍትሐት እናነሣለን፤ የጌታችን ቸርነት ከእኛ ስንፍና እንደሚበልጥም እናምናለን። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በር ተደግፎ ጥቂት ዝም ያለ ሰው ባየን ጊዜ መንገዳችንን እናቆማለን። ውድ አንባብያን ሆይ፣ እናንተም ይህን መጽሔት ከማጠፋችሁ በፊት «ስመለስ እነግረዋለሁ» ያላችሁት ሰው ካለ አስቡ። እርሱ ገና በሕይወት ካለ እግዚአብሔር ለእኛ ያልሰጠንን ጊዜ ለእናንተ ሰጥቷችኋል፤ ዛሬ ሂዱ።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎት፣ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በረከት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።